ዐርብ ሞቼ እሑድም የምሞተው ልጅሽ

ደጅይጥኑ የሚለውን ስም ያወጡለት አያቱ ነበሩ። ልጁ አድጎ ሹም ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ጉዳዩን ይዞ በሩ ላይ ደጅ ይጠናል ብለው ነው። እግዜር ግን ቀልድ ያውቃል፤ ደጅ የጠናው ራሱ ደጅይጥኑ ሆነ። በ1944 ዓ.ም. ከሰቆጣ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባ ያረፈው ዘመድ ቤት አይደለም፣ አንድ ቴአትር ቤት በር ላይ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ቆመ። ከመቆሙ ብዛት ዘበኛው ምሳ ሲሄድ ካፖርቱንና ዱላውን ለእሱ ትቶ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን እንዲያውም የቴአትር ቤቱን ሹም በዱላ አግዶ "ወዴት ነው?" ብሏቸዋል ይባላል። ሰውዬው በመቆጣት ፈንታ "ይህን ድምፅ ከየት አመጣኸው?" ብለው ይዘውት ገቡ። ሌላው ሁሉ ውሸት ቢሆን ስለ ድምፁ የሚወራው እውነት ነው።

ድምፁ የእናቱ ነው። ወለተ ሰንበት በሰቆጣ ዙሪያ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ነበረች። ከፃግብጂ ድረስ በቅሎ እየተላከላት ትሄዳለች። እሷ ያላለቀሰችለት ሙት ገና አልሞተም ይባል ነበር። አንዴ ኒሯቅ ላይ አንድ ክፉ ሰው ሞቶ፣ ከክፋቱ የተነሣ የገዛ ሚስቱ ዓይኗ ደርቆ ቆማ ሳለ፣ ወለተ ሰንበት ደርሳ ሁለት ስንኝ ብታወርድ ሰውዬው በሬውን የነጠቀው ባላንጣው ሳይቀር ተንሰቅስቆ ወደቀ አሉ። ሙቱም ከቃሬዛው ላይ ቀና ብሎ "ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?" ብሎ ጠየቀ የሚሉም አሉ፤ ይህኛው ትንሽ የተጋነነ ይመስላል።

ይህን ድምፅ የወረሰ አንድ ልጇን ቄስ ይሁንልኝ ብላ ለመሪጌታ ዘበነ ሰጠችው። ደጅይጥኑ ዜማ ቤት አምስት ዓመት ተቀመጠ፤ ከዜማው ይልቅ አበጥሮ የተማረው ግን የመሪጌታን ድምፅ ነው። አንድ ሰኞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ኋላ ተሸሽጎ፣ በመሪጌታ ድምፅ፣ በመሪጌታ ሳል ጭምር፣ "እስከ ፋሲካ ትምህርት የለም! ሂዱ ወደየእናታችሁ!" አለ። ተማሪው አኮፋዳውን አንጠልጥሎ በአራቱም አቅጣጫ ተበተነ። መሪጌታ ሲመጡ ባዶ ጎጆ ነው የጠበቃቸው። ተማሪ ለቀማ ሁለት ሳምንት በእግራቸው ዞሩ። ደጅይጥኑ ቄስነቱ በዚያው እንዳበቃ ስለገባው ስንቁን ቋጠረ። እናቱን የተሰናበታት "ለፋሲካ እመጣለሁ" ብሎ ነው። የየትኛው ዓመት ፋሲካ እንደሆነ አልተናገረም።

በዚያን ዘመን የቴአትር ቤት ሰው ማለት ዘፋኝም ነው፣ ተወዛዋዥም ነው፣ መጋረጃ ሳቢም ነው። ጠዋት አዳራሽ ይጠርጋል፣ ከሰዓት በኋላ እስክስታ ይለማመዳል፣ ሲመሽ ንጉሥ ይሆናል። ደጅይጥኑ ግን ንጉሥ አልሆነም። ዓመታት ሙሉ ከተቀባይ ዘፋኞቹ ረድፍ መጨረሻ ቆሞ "ሆ!" ብቻ ሲል ኖረ። ሌሎቹ ስንኝ አላቸው፤ እሱ "ሆ!" አለው። በ1948 ግን ከዳር እስከ ዳር በዘፈን የሚሄድ አንድ የጦር ሜዳ ተውኔት ተዘጋጀና የሚሞት ወታደር ሚና ደረሰው። ጥይት ደረቱን ከመታው በኋላ አርባ ስንኝ ይዘፍናል። ሰቆጣ ቢሆን ሰው "አይ፣ ይህስ ይድናል" ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ አዲስ አበባ ግን አለቀሰ።

ደጅይጥኑ በደስታ ጢም ብሎ ለእናቱ ደብዳቤ ጻፈ። የጻፈውም ማታ ትምህርት ቤት በተማረው አዲስ የችኮላ ጽሕፈት ነው።

"ይድረስ ለውድ እናቴ ለወለተ ሰንበት። ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፣ አታስቢ። ዐርብ ዕለት ሞቼ አንድ ሺሕ ሰው አለቀሰልኝ። ከሞትሁ በኋላ ሹማምንቱ ተነሥተው አጨበጨቡ። እግዚአብሔር ቢፈቅድ እሑድም እሞታለሁ። ዐርብ ሞቼ እሑድም የምሞተው ልጅሽ ደጅይጥኑ።"

ቀልድ የሚገባት መስሎት ነው። ይገባትም ነበር፤ ማንበብ ብትችል። ደብዳቤው ግን የተከፈተው በመሪጌታ ዘበነ እጅ ነው።

በሰቆጣ አገር በዋግ መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። ሰው ሲሞት "ትንሽ አሞታል" ይባላል፤ ከተቀበረ በኋላ "ዛሬስ ይሻለዋል" ይባላል። ስለዚህ መሪጌታ "ደኅና ነኝ፣ አታስቢ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ገና ክው አሉ፤ ደኅና የሆነ ሰው ይህን ያህል ደኅና ነኝ አይልም። "አንድ ሺሕ ሰው አለቀሰልኝ" ሲል ነገሩ ለየለት። "አጨበጨቡ" የሚለውን "በሐዘን እጃቸውን አጋጩ" ብለው ተረጎሙት። ትንሽ ያስቸገራቸው "እሑድም እሞታለሁ" ነው፤ በጣታቸው ሲቆጥሩት ግን እሱም ተፈታ። ዐርብ ከሞተ እሑድ ሠልስቱ ነው! ጽሕፈቱም የደጅይጥኑ አይደለም። እናቲቱ እንዳትደነግጥ ብለው ጓደኞቹ በስሙ ጽፈውላታል። "ደግ ልጆች ናቸው" አሉ መሪጌታ እንባቸውን እየጠረጉ። ያን ሁሉ ተማሪ የበተነባቸውን ልጅ በዚያች ሰዓት ይቅር አሉት። ሽማግሌ ሰበሰቡና ጎሕ ሲቀድ የወለተ ሰንበትን በር አንኳኩ።

ደጅይጥኑ ይህን የሰማው ከሰባት ወር በኋላ ነው። ምንዋጋው የሚባል የሰቆጣ ማር ነጋዴ በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ይመጣ ነበር። መርካቶ ውስጥ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ምንዋጋው የማር ቅሉን ለቀቀውና አማተበ።

"በስመ አብ! ኧረ በስመ አብ! እኔ እኮ ተዝካርህን በልቼ የመጣሁ ሰው ነኝ!"

"የማንን ተዝካር?"

"ያንተን ነዋ! ሁለት በሬ ወድቋል። ጠላውንማ ተወው፣ ሰው ቤቱ ጠፍቶበት ሦስት ቀን ሲዞር ነበር የሰነበተ። ይሙት ልጄ፣ እንዳንተ ያማረ ተዝካር አላየሁም።"

ደጅይጥኑ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እስኪበቃው ሲስቅ ምንዋጋው አብሮት አልሳቀም።

"ትስቃለህ? እናትህ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ የሰው መልክ የላትም። ለሰው ሁሉ ስታለቅስ የኖረች ሴት ለራሷ ሲደርስ ምን እንደምታደርግ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አያሳየኝ።"

"ታዲያ ሄደህ ንገራታ! በዓይኔ አየሁት በላት።"

"እኔን ማን ያምነኛል? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት በቤት ላይ ተጭኗል፣ ሰው በሰው አናት ላይ ይኖራል ያልሁ ቀን ነው ያበቃልኝ። አሁን ዝናብ ዘነበ ብላቸው ወጥተው ነው የሚያዩ። አንተው ና እንጂ። ከነገ ወዲያ እነሣለሁ፣ አብረን እንሂድ።"

"ከነገ ወዲያማ..." አለ ደጅይጥኑ። "ልምምድ ላይ ነን። የፋሲካው ተውኔት ይለፍ፣ እመጣለሁ።"

ቀጥሎ መጠየቅ ያልነበረበትን ጠየቀ። "ለመሆኑ፣ ምን ብላ አለቀሰች?"

ምንዋጋው ከፈሰሰው ማሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ ጉንጩን በመዳፉ ደግፎ፣ የወለተ ሰንበትን ሙሾ አወረደው።

"ሞትሁ ብለህ ጻፍክ ወይ፣ ዳንሁ ብለህ ጻፍክ፣
እናትህ አታነብ፣ በየት በኩል አለፍክ።
ለቀስተኛው ሄደ፣ ዳሱንም አነሣ፣
ደጄን አልዘጋሁም፣ እኔ ልጄን ልርሳ?"

ደጅይጥኑ አለቀሰ። እውነት ነው፣ አለቀሰ። ግን እያለቀሰ በጣቱ ጭኑ ላይ ምቱን ይቆጥር ነበር።

የፋሲካው ተውኔት ልጇ የሞተባት አሮጊት ታሪክ ነበር። ያዘጋጀው ገብረ አምላክ የሚባል ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነው፤ ከቁጣው የተነሣ ሻይ እንኳ ሲያማስል ብርጭቆውን ይገሥጸዋል። ለአሮጊቷ የሚሆን ለቅሶ አጥቶ ሲንቆራጠጥ ደጅይጥኑ ከረድፉ መጨረሻ እጁን አወጣና የእናቱን ሙሾ በእናቱ ድምፅ አወጣው። አኮርዲዮን የሚመታው ሰው መሣሪያውን አስቀመጠ። ገብረ አምላክ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም አልተቆጣም።

"አሮጊቷ አንተ ነህ" አለው። "ሂድ፣ ቀሚስ ይስጡህ።"

በልምምዱ ሦስተኛ ቀን ግን ገብረ አምላክ መጨረሻው ላይ ቆመ።

"እዚህ ላይ መጋረጃው ይወድቃል። 'አልዘጋሁም' ካልክ ሰው ነገሩ አላለቀም ብሎ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ዝጋው።"

"እናቴ ያለችው እንዲህ ነው።"

"እናትህ ተመልካችን ወደ ቤቱ የመመለስ ኃላፊነት የለባትም። እኔ አለብኝ። ዝጋው አልኩህ!"

ደጅይጥኑ አንድ ጉርሻ የሚዋጥበትን ያህል ጊዜ አሰበ። ከረድፉ መጨረሻ የነበረው ቦታው ትዝ አለው፤ ያ ሁሉ "ሆ!" ትዝ አለው። ዘጋው።

"ለቀስተኛው ሄደ፣ ዳሱንም አነሣ፣
ደጄንም ዘጋሁት፣ እንግዲህስ ልርሳ።"

መጋረጃው ወደቀ፤ አዲስ አበባም አብራው ወደቀች። የአዳራሹ ወለል በእንባ ርሶ ዘበኛው ሁለት ጊዜ አዳልጦት ወድቋል። አንዲት ወይዘሮ ከነከዘራቸው መድረክ ላይ ወጥተው አሮጊቷን "አይዞሽ እህቴ" ብለው አቅፈው፣ ጺሟ ሲወጋቸው ራሳቸውን ስተዋል። ሴቶች ተዋንያን በየጊዜው እየበዙ ቢመጡም ያችን አሮጊት ከደጅይጥኑ በቀር የሚደፍራት ጠፋ። መንገድ ላይ ልጆች "እማማ! እማማ!" እያሉ ይከተሉታል። ሙሾው በሬድዮ ተቀርጾ በየሳምንቱ ይሰማ ጀመር።

በየዓመቱም "ሕያው ነኝ" እያለ ወደ ሰቆጣ ይጽፋል። ጽሕፈቱ ያው የችኮላ ጽሕፈት ነውና መሪጌታ "እነዚያ ደግ ልጆች ዛሬም አልረሷትም" ይላሉ። አንዴ ፎቶግራፍ ቢያዩ ያምናሉ ብሎ ላከ። እጁ ላይ የነበረው ፎቶግራፍ ግን በአሮጊቷ ልብስ የተነሣው ብቻ ነበር፤ ሌላ ለመነሣት ቸኮለ፣ ልምምድ ነበረበት። መሪጌታ ፎቶግራፉን ወደ ፀሐይ አዙረው ሲያዩ ቆዩና "አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ልጅ የያዘችው ሴት ትሆናለች" አሉ። "ምስኪን፣ እሷም ኀዘኗ ከባድ ነው።"

መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ሄዶ መታየት። ደጅይጥኑ ያውቀዋል። ግን ቴአትር ቤቱ የሚዘጋው ክረምት ነው፣ የሰቆጣ መንገድ የሚዘጋውም ክረምት ነው፤ የጥራሪ ወንዝ ሞልቶ በቅሎ ከነጭነቷ ይወስዳል። በበጋ ደግሞ ተውኔት አለ። ከመጋረጃው ኋላ ካሳ የሚባል ለጋ ተዋናይ ሚናውን ከነትንፋሹ በቃሉ ይዞ፣ ደጅይጥኑ ባስነጠሰ ቁጥር በተስፋ ቀና ይላል። አንድ ሳምንት ቢቀር ካሳ አሮጊቷን ይወስዳታል። "ይህ ተውኔት ይለፍ" ይላል ደጅይጥኑ። ያ ያልፋል፣ ሌላው ይመጣል። የለመዳት አንዲት ሰበብ ደግሞ ነበረችው፤ እናቴ እንደሆነች አንዴ አልቅሳ ወጥቶላታል፣ አሁን ብቅ ብል ባስደነግጣት አይደል? ይላል። መድረክ ላይ ወጥቶ "እንግዲህስ ልርሳ" ባለ ቁጥር ነገሩ እውነት እየመሰለው ሄደ። ምንዋጋውም አንድ ዓመት ሳይመጣ ቀረ፣ በሚቀጥለውም አልመጣ፤ ሞተ አሉ። ደጅይጥኑ ማሩን እንጂ ሰውዬውን የሚጠይቅበት ፋታ አልነበረውም።

በ1960 ጥር ላይ ቡድኑ ወሎን ዞሮ እንዲያሳይ ታዘዘ። ደሴ፣ ወልድያ፣ ቆቦ ብለው ኮረም ደረሱ። ከኮረም ሰቆጣ በበቅሎ ሁለት ቀን ነው። ደጅይጥኑ ገብረ አምላክን "እናቴን አይቼ ልምጣ" አለው።

"እናትህ አለች እንዴ?"

"አለች። የሞትሁት እኔ ነኝ።"

ገብረ አምላክ ቀልድ መስሎት ሳቀና ፈቀደ። ካሳ አሮጊቷን ለመልበስ ሮጠ።

ሁለቱን ቀን ሙሉ ደጅይጥኑ በበቅሎ ላይ ሆኖ አገባቡን ሲለማመድ ነበር። እግሯ ላይ ልውደቅ? ከአጥሩ ኋላ ቆሜ በመሪጌታ ድምፅ ልጥራት? ወይስ ሙሾውን እየዘፈንሁ ልግባ? ሁሉንም ሞከረ፤ ዳገቱ ላይ የሚያገኛቸው መንገደኞች ብቻውን የሚጣራ ሰው ሲያዩ እያማተቡ ያልፉ ነበር።

ሲደርስ ወለተ ሰንበት ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ያ ሁሉ ዝግጅት ከልቡ ጠፋ። እሷ ቀና ብላ አየችው። እንዝርቷን አላቆመችም።

"ደረስህ?" አለችው በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ።

ወረደና ጉልበቷን ሳመ። እጇን አናቱ ላይ አሳረፈችና "ተመልጠሃል" አለች። እሱ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። የስንቱን ባላንጣ ያስለቀሰች ሴት፣ የገዛ ልጇ ከመቃብር ተነሥቶ ጉልበቷ ላይ ሲያለቅስ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

"እማዬ፣ ሕያው መሆኔን... ታውቂ ነበር?" ኽምጣንጋው ዝጎበታል፤ አንዱን ቃል ይዞ ሌላውን እስኪያገኝ ድረስ እንደ ሕፃን ይንተባተባል።

"ፎቶግራፉ ሲመጣ ሁሉም ሌላ ሴት ናት አሉ። እኔ ዓይንህን አይቼ ተጠራጠርሁ። ደግሞ ነጠላውን አልዘቀዘቅኸውም። ሐዘንተኛ እንዲያ አይለብስም፤ ማን ነው ያለበሰህ?"

"እዚያው... የቴአትር ቤት ሰዎች።"

"በኋላ ፖሊስ ጣቢያው ሬድዮ አመጣ። በገበያ ቀን መስኮት ላይ ያደርጉታል። ጨው ልገዛ ሄጄ ሰማሁት። ሰው ሁሉ የሴት ድምፅ ነው አለ። እኔ ግን ያ የኔ ድምፅ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ቆሜአለሁ፤ እንግዲያስ ልጄ አለ አልሁ። ጨዉን ጥዬ እልል ልል አፌን ከፈትሁ።" ክሩን በጣቷ ሳበችው። "አፌን እንደከፈትሁ 'ደጄንም ዘጋሁት' አልህ።"

ደጅይጥኑ አንገቱን ደፋ።

"እኔ አልዘጋሁም ነው ያልሁት። ምንዋጋው አየሁት ብሎ ነበር፣ ያመነው የለም እንጂ፤ እሱ ነው አሳስቶ የነገረህ?"

ሙት ላይ ማላከክ ቀላል ነበር። ምላሱ ላይ መጥቶለት ነበር። "አይደለም" አለ። "አዘጋጁ ዝጋው አለኝ።"

"አዘጋጅ ምንህ ነው? አባትህ ነው?"

"አይደለም።"

"የንስሐ አባትህ ነው?"

"አይደለም፣ እማዬ።"

"እህ። ያን ቀን ገበያው መሐል ሆኜ ገባኝ። ይህ ልጅ የሚመጣ ቢሆን ደጁን አይዘጋም አልሁ። አፌን ገጥሜ፣ ጨዌን አንሥቼ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አላለቀስሁም። በቅሎ ይልካሉ፣ እመልሳለሁ። አይመጣልኝም። ሙሾ ሳወጣ ያንተን ሰምቼ እንደ ሌባ እደነግጣለሁ።"

ደጅይጥኑ ቀና አለ። "አሁን መጣሁ አይደል? ለሰው ሁሉ እንናገር። ምንዋጋው እውነቱን ነበር እንበል።"

እንዝርቷ ቆመ።

"ምን ብዬ ልናገር? ልጄ ሕያው ሆኖ፣ ጤና ሆኖ፣ በሬድዮ እየዘፈነ ዐሥራ ስድስት ዓመት እናቱን ሳያይ ኖረ ልበል? ይህ ሁሉ ሰው ከጎኔ ቆሞ አልቅሶልሃል። ልጅ የሞተባት እናት ክብር አላት፤ ሰው ያዝንላታል፣ ማሳዋን ያርስላታል። ልጅ ያልፈለጋት እናት ምን አላት?"

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ከአጥሩ ወዲያ "እትዬ፣ እንግዳ መጣብሽ እንዴ?" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጎረቤቷ ታይቱ ናት። ሕፃን ሆኖ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ በጥርሱ የነከሳት ጠባሳ ዛሬም እጇ ላይ ያለ ሴት ናት። ደጅይጥኑ ቀና ብሎ አያት። ወለተ ሰንበት ግን ቀደመችው፤ በአማርኛ ነው የተናገረችው።

"አዎ፣ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ናቸው። የልጄ ወዳጅ ነበሩ አሉ። ለቅሶ ሊደርሱኝ መጥተው ነው።"

ታይቱ ሰውዬውን አየች። ከእግር እስከ ራስ አየችው። የተነከሰ እጇን ወደ ነጠላዋ ውስጥ ሰበሰበች፣ ከዚያ ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

"እንኳን ደኅና መጡ፣ ጌታዬ። ልፋትዎን ይቁጠርልዎ።"

በአንድ ሰዓት ውስጥ መንደሩ በሙሉ መጣ። ደጅይጥኑ አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ተዋናይ አይቷል፤ እንደዚያ ቀን ያለ ጨዋታ ግን አላየም። ሁሉም ያውቁታል፤ አንድም ያወቀው የለም። አብሮት ፍየል የጠበቀው ሰው "ስምዎን ማን ልበል?" አለው። ከነአፍንጫው፣ ከነአረማመዱ አባቱን መስሎ ተቀምጦ ሳለ "ሟቹን በአካል ያውቁት ነበር?" አሉት። መሪጌታ ዘበነ አርጅተው፣ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ፤ ፊቱ ላይ ጎንበስ ብለው እስትንፋሳቸው እስኪሰማው አዩትና ተቀመጡ።

"ጎበዝ ልጅ ነበር" አሉ። "ቀልድ ያበዛ ነበር እንጂ። ነፍሱን ይማር።"

ሰው ሁሉ ወደ እንግዳው ዞረ።

"አሜን" አለ ደጅይጥኑ።

ከዚያ በኽምጣንጋ ያወሩ ጀመር። የአዲስ አበባ እንግዳ ኽምጣንጋ አይሰማምና ፊቱን እንደ ግንብ አድርጎ መቀመጥ ነበረበት። ታይቱ ለማንም ሳይሆን ወደ መሬቱ እያየች "የፋሲካ ዋዜማ በመጣ ቁጥር እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ እየወጣች ትመለስ ነበር" አለች። ሌላው "ታማ አልጋ ላይ የወደቀች ጊዜ ስሙን ነበር የምትጠራ" አለ። መሪጌታ ደግሞ "ያን ደብዳቤ ሳነብ አንዲት ቃል ጠርጥሬ ነበር" አሉ፤ "አፌን ሞልቼ ሞቷል ከማለቴ በፊት አንድ ወር መታገሥ ነበረብኝ። ኃጢአቱ የኔም ነው። የሰማ ይስማኝ።" ደጅይጥኑ ሁሉንም ሰማ። ቅንድቡ አልተንቀሳቀሰም። በሕይወቱ የሠራው ትልቁ ሚና ይሄ ሆነ፤ ስንኝ የለውም፣ "ሆ!" እንኳ የለውም።

ሲጨርሱ መሪጌታ በአማርኛ "እንግዳችን፣ ያን የሬድዮውን ሙሾ ቢያሰሙን? ለእናቲቱም መጽናኛ ይሆናታል" አሉ።

ደጅይጥኑ ተነሣ። ያለ አኮርዲዮን፣ ያለ መጋረጃ፣ በገዛ ሞቱ ላይ አለቀሰ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ እናቱን እያየ "ደጄን አልዘጋሁም፣ እኔ ልጄን ልርሳ?" አለ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ቃሉን መለሰላት። ሴቶቹ ተንሰቀሰቁ። መሪጌታ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"በሬድዮ እንዲህ አይደለም። 'ደጄንም ዘጋሁት' ነው የሚለው። ተሳሳቱ መሰለኝ።"

ሁሉም ወደ ወለተ ሰንበት አየ። እሷ ጥጧን ታባዝታለች።

"በሬድዮው ይሻላል" አለች።

በማግስቱ ማለዳ በቅሎዋ ተጫነች። ወለተ ሰንበት ስንቅ ቋጥራ ልትሸኘው ወጣች። በዚያ አገር እንግዳ የሚሸኘው እስከ ዋንዛዋ ዛፍ ነው፤ የቤት ልጅ ሲሆን ቁልቁለቱን ወርደው እስከ ወንዙ ድረስ ያደርሱታል። ደጅይጥኑ በቅሎዋን እየሳበ፣ ከጎኗ ቀስ ብሎ ተራመደ። ዋንዛዋ ጋ ሲደርሱ ቆመች።

ዙሪያውን አየ። ታይቱ የለችም፣ መሪጌታ የሉም፣ እረኛ እንኳ አልወጣም። በኽምጣንጋ አንዲት ቃል ትለኛለች ብሎ ልጓሙን ይዞ ጠበቀ። እሷ ስንቁን ኮርቻው ላይ አሰረችለት፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቀችው።

"በሰላም ይግቡ፣ ጌታዬ" አለችው በአማርኛ። "ስለ ልጄ ደክመው መጡልኝ። የቴአትር ቤቱን ሰዎች እግዜር ይስጥልን ይበሉልኝ።"

ደጅይጥኑ "እማዬ" ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኗን አየና ባርኔጣውን አወለቀ።

"ይቆዩኝ፣ እሜቴ" አለ፤ እጅ ነሥቶ በቅሎዋ ላይ ወጣ።